ከሞተሩ ጎን ያለችው አልጋ

“እንኳን ደስ ያለሽ!” አለች የጉዞ ወኪሏ በስልክ። “ወደ ላይኛው ፎቅ ከፍ ብለሻል። የግል ካቢን፣ ሰፊ መስኮት፣ የራስሽ ሻወር። ያቺን የታች አልጋሽን ሰርዘናታል።”

መርፌ የሚሏት ልጅ የሚኒባስ ወንበር ልብስ ጭኗ ላይ አጋድማ፣ ክሩን በጥርሷ ይዛ ነበር። ክሩን ተፋችው።

“ማን ሰርዙ አላችሁ?”

“አማትሽ ናቸዋ! ደውለው የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ታድለሽ!”

ጣቷ ላይ ቀለበት ያላጠለቀች ልጅ አማት ከየት እንዳመጣች ወኪሏ አልጠየቀችም፤ መርፌም አላስረዳቻትም። ስልኩን ዘጋች። መርከቡ የሚነሳው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በደስታ ይዘል ነበር። እሷ ግን ክሩን በጥሳ ጣለችው።

“ምን ሆነሽ ነው?” አለ አባቷ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ቀና ብሎ። “መርከቡ ሰመጠ እንዴ?”

“አልጋዬን ወሰዱብኝ፣ አባባ።”

“ተመስገን!” አለ። ውሃ የሚባል ነገር ከብርጭቆ ካለፈ የማያምን ሰው ነው። ቆይቶ ግን ፊቷን አየና መቀሱን አስቀመጠ። “ማን ነው የወሰደብሽ?”

መርፌ ሽርጧን ፈትታ ወንበሩ ላይ ወረወረችው። “ሄጄ ነው የማጣራው” አለች።

መርፌ ያላት ሰፈሩ ነው፤ አንድም ቀጭን ናት፣ አንድም ስትናገር ትወጋለች። ከአባቷ ጋር የመኪና ወንበር ታለብሳለች፤ ሶፋም፣ የፀጉር ቤት ወንበርም፣ የመጣውን ሁሉ። የምትወደውን ጥርስ ሐኪም ያወቀችውም በዚሁ ሥራ ነው። የክሊኒኩ የታካሚ ወንበር ቆዳው ተተርትሮ ልትለካ ሄደችና “መጀመሪያ አንተ ተኛበት” አለችው።

“እኔ?”

“ታዲያ የት ጋ እንደሚቆረቁር በምን ልወቅ?”

ተኛ። “እዚህ፣ ወገቤ ጋ” አለ፣ ከታች ወደ ላይ እያያት። እሷም ሜትሯን ይዛ ከላይ ወደ ታች አየችው። ፍቅራቸው እንዲህ ነው የጀመረው፤ ሐኪሙ ተጋድሞ፣ እሷ ቆማ።

ችግሩ ክሊኒኩ የእናቱ መሆኑ ነበር። ሕንፃውም የእናቱ ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ልጁም የእናቱ ነው፤ የሸሚዙን ቀለም ሳይቀር የሚመርጡለት እሳቸው ናቸው። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ሁለት ነገር ብቻ አላቸው፤ ሥራቸውና እሱ። ሁለቱንም አጥብቀው ነው የያዙት።

በከተማው መዋኛ ገንዳ የመጥለቅ ትምህርት ሲጀመር ግን ሐኪሙ ለእናቱ ሳይነግር ከመርፌ ጋር ተመዘገበ። አየር የታጨቀበትን ሲሊንደር ጀርባ ላይ አዝሎ ውሃ ሥር መተንፈስ ተማሩ። ሲጨርሱ የቀረው ባሕሩ ነበር። ጠላቂዎችን አሳፍሮ ሳምንቱን ሙሉ ባሕር ላይ የሚያድር መርከብ መምረጥ ነበረባቸው፤ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር መርፌ ሱቅ ውስጥ የተጠቀለለ ቆዳ ላይ ተቀምጠው ስልክ ላይ መርከብ ሲያገላብጡ ከረሙ።

ሐኪሙ የመርከቡን መልክ ያያል፤ ነጭ ነው፣ ያምራል። መርፌ ሆዱን ነው የምትፈልገው። ወንበር ስትሰፋ ያደገች ሰው ነገሩን ሁሉ ገልብጣ ሳታይ አታምንም። አንደኛው መርከብ ላይ ሙቅ ገንዳ አለ፤ “ባሕር መሀል ገንዳ ምን ሊሠራ?” ብላ አለፈችው። ሌላው ርካሽ ነው ሲባል፣ ለሲሊንደሩም፣ ወገብ ላይ ታስሮ ለሚያሰምጠው ክብደትም ለብቻ ያስከፍላል። ሌላው ደግሞ ያን ሁሉ ጠላቂ ለአንድ መሪ ያሸክመዋል። በመጨረሻ አንዱን አገኘች። ካቢኖቹ ጠባብ፣ ቀለሙ የተላላጠ፣ ወጥ ቤቱ የአንድ ሰው መቆሚያ። ሲሊንደር የሚሞላው ማሽን ግን አዲስ ነው፣ ማጣሪያውም በየጊዜው ይቀየራል፣ መሪዎቹም በቂ ናቸው።

“አልጋው ይርከስ፣ አየሩ አይርከስ” አለች።

በታችኛው ፎቅ የጋራ ካቢኖች ነበሩ፤ የሴቶቹ ለብቻ፣ የወንዶቹ ለብቻ፣ አልጋዎቹ ተደራርበው። መስኮት የሚባል የለም። የመረጠቻት አልጋ ከሞተሩ ክፍል ግድግዳ ጋር የተጣበቀች፣ ሚጢጢ መጋረጃ ያላት፣ ከሁሉም የረከሰች ነበረች። መርፌ በራሷ ገንዘብ የምትችለው ያቺን አልጋ ነው፤ ገዛቻትም። “ባሕሩ እንደሆነ ላይ ለተኛውም ታች ለተኛውም አንድ ነው” ብላ ተመዘገበች።

ሐኪሙ “እሺ” አለ። እሺ ሲል ግን ዓይኑን ሰበር አደረገ። መርፌ አየችው፤ ታች መተኛት አሳፍሮት ነው ብላ አሰበች። አልጠየቀችውም። ኋላ ጣጣውን ሁሉ ያመጣው ይሄ አለመጠየቅ ነው።

ክሊኒኩ ስትደርስ ሐኪሙ የአንድ ወፍራም ሰውዬ አፍ ውስጥ ነበር። ሰውየው እሷ ባለበሰችው ወንበር ላይ ተጋድሟል፤ አፉ በጥጥ ተጠቅጥቆ፣ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ። መርፌ በሩ ላይ ቆመች።

“የምዝገባ ቁጥሬን ማን ሰጣቸው?”

ሐኪሙ ቀና አለ። ከጭንብሉ በላይ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ግን ይበቁ ነበር።

“መርፌዬ፣ አንዴ ታገሺኝ። ሥራ ላይ ነኝ እኮ።”

“ከእኔ ሌላ ቁጥሩን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ።”

“እማዬ ስለ ጉዞው ሰማችና ስጦታ ላድርግላችሁ አለች። ሰጠኋት። ለአንቺ ብዬ ነው፣ እንዲመችሽ…”

“ጠየቅከኝ?”

“ደስ ይላታል ብዬ…”

“ጠየቅከኝ ወይ?”

“ኧኧኧ” አለ ታካሚው።

“እርስዎን አይደለም፣ ጋሼ” አለችው መርፌ። “ይማርዎት።” በሩን ዘግታ ወጣች።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እናቱ ቆመው አገኘቻቸው። ድምጿን ሰምተው ነው የወጡት። አለባበሳቸው ያማረ፣ ቁመታቸው ቀጥ ያለ፣ ሰው አይተው ቶሎ ፈገግ የማይሉ ሴት ናቸው። ዛሬ ግን ፈገግ ብለው ነበር።

“ነይ ቁጭ በይ፣ ልጄ። ነገሩሽ አይደል? ደስ አላለሽም?”

“እትዬ፣ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ” አለች መርፌ ሳትቀመጥ። “አልጋዬን ግን ይመልሱልኝ።”

“የቱን? ያንን ጉድጓድ?” ፈገግታቸው ጠፋ። “ወኪሏ ፎቶውን ልካልኝ አይቼዋለሁ። ከማታውቂያቸው ሴቶች ጋር፣ ሞተር ሥር! የኔ ልጅ የሚወዳት ሴት?”

“ምን አለበት?”

“ምን አለበት ትላለች!” እናቱ ወንበር ስበው ራሳቸው ተቀመጡ። ድምፃቸው ድንገት ዝቅ አለ። “ታች መተኛት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔ አውቃለሁ። ባንቺ ዕድሜ ሥራ ፍለጋ ባሕር ስሻገር ጭነት መሀል ነው የተኛሁት። እስከ ዛሬ ናፍጣ ሲሸተኝ ያጥወለውለኛል። ያኔ ነው የማልኩት፤ መርከብ የሚባል ዳግመኛ አልረግጥም፣ የኔ የሆነ ሰውም ታች አይተኛም ብዬ።”

መርፌ ይሄን አልጠበቀችም። ሴትየዋን ልትጠላቸው ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው፤ የምትጠላው ነገር ጠፋባት። ያቺ ጭነት መሀል የተኛችው ወጣት ሴት አሳዘነቻት። እሺ ልትል ትንሽ ነበር የቀራት።

“እርስዎ ታች የተኙት ሌላ ስላልነበረዎት ነው፣ እትዬ” አለች በመጨረሻ። “እኔ መርጬ ነው። ከዚያ መውጣትዎ ለእርስዎ ክብር ነው። እኔ ደግሞ በላቤ የገዛኋት አልጋ ላይ ስተኛ ነው የሚሰማኝ ክብር። ዛሬ በእርስዎ ገንዘብ ወደ ላይኛው ፎቅ ከወጣሁ፣ ነገ ደግሞ ከሱቅሽ ውጪ ይሉኛል።”

እናቱ ከልባቸው ገረማቸው። “ሱቁንማ መተውሽ ይቀራል እንዴ? የጥርስ ሐኪም ሚስት የሚኒባስ ወንበር ስትሰፋ ልትውል ነው?”

መርፌ እንግዳ ተቀባይዋ እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ ሰማች።

“የዚያ የላይኛው ካቢን መስኮት ወዴት እንደሚያሳይ አሁን ገባኝ” አለች። “አባቴ መቀስ ያስያዘኝ ገና ጠረጴዛው ላይ ሳልደርስ ነው። የሚኒባስ ወንበር እሰፋለሁ፣ እትዬ። አግብቼም እሰፋለሁ፣ ወልጄም እሰፋለሁ። ልጅዎ ይሄን ካልፈለገ ይንገረኝ፤ እርስዎ ግን አይንገሩኝ።”

ዞር ስትል ሐኪሙ ጭንብሉን አገጩ ላይ አውርዶ በሩ ላይ ቆሟል። የሰማውን ሰምቷል። ተከትሏት ደረጃው ድረስ ወጣ።

“ለአንቺ ብዬ ነው ያደረግኩት” አለ።

“ገንዳው ውስጥም ለእኔ ብለህ ነበር።”

ሐኪሙ ፊቱ ተለዋወጠ። ያን ቀን ሁለቱም አይረሱትም። ገንዳው ጠርዝ ላይ መርፌ ሲሊንደሯን ከፍታ፣ ሞክራ፣ ተዘጋጅታ ጨርሳ ነበር። እሱ ከኋላዋ መጣና፣ ተዘግቶ እንዳይሆን ብሎ፣ ምንም ሳይላት መክፈቻውን አዞረው። የከፈተ መስሎት ዘጋው፤ ከዚያ ትንሽ መለስ አደረገው። ክፋቱ እሱ ነው። ላይ ሆና ስትተነፍስ አየሩ ይመጣል፤ ታች ስትወርድና ሳንባዋ ብዙ ሲጠይቅ ያጥራል። የገንዳው ወለል ላይ ትንፋሽ ልሳብ ስትል አልመጣላትም። የእሱን ትርፍ መተንፈሻ ነጥቃ አፏ ውስጥ ከትታ ነው የወጣችው። አስተማሪያቸው ያን ቀን አንድ ሕግ ብቻ ደጋግሞ አስተማራቸው፤ የጓደኛህን መክፈቻ ሳትነግረው አትንካ።

“አሁንም ያንኑ ነው ያደረግከው” አለች መርፌ። “አየሬን ዘጋህብኝ። ለእኔ ብለህ!”

ሐኪሙ የደረጃውን ብረት ጨበጠ። “አንቺስ?” አለ። እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሯት አያውቅም። “የሴቶቹን ካቢን ስትመርጪ እኔን ጠየቅሽኝ? ሳምንቱን ሙሉ አብሬያት እሆናለሁ ብዬ ስጠብቅ፣ ‘የሴቶች ለብቻ’ ብለሽ ተመዘገብሽ። ከእኔ መሸሽሽ መሰለኝ።”

“ታች መተኛት ያሳፈረህ መስሎኝ ነበር።”

“ፎቁ መቼ ታየኝ! ለእኔ የታየሽኝ አንቺ ነሽ።”

መርፌ ክንዱን ልትይዘው እጇ ተነስቶ ነበር፤ መለሰችው። አሁን ከነካችው እንደምትሸነፍ ታውቃለች።

“አለመጠየቄ ጥፋቴ ነው” አለች። “ግን እውነቱን ልንገርህ፤ እፈራለሁ። አንዴ ላይ ከተኛሁ እለምደዋለሁ። ከለመድኩት ደግሞ እናትህ ያሉትን ሁሉ እሺ ማለት እጀምራለሁ። እንዳንተ።”

ወጋችው። መውጋቷን አየች፤ ግን አልመለሰችውም።

“ቅዳሜ በአልጋዬ እሄዳለሁ” አለች። “አንተ የወደድክበት ተኛ። እወድሃለሁ፤ ይሄ አይጠፋህም። ሳትነግረኝ ግን ነገሬን አትንካ።”

ወኪሏ ጋ ስትደውል አልጋዋ አሁንም ክፍት ነበረች፤ ሞተር ሥር ማን ይሻማል? “ሰው ሁሉ ወደ ላይ አውጪኝ እያለ ነው የሚለምነኝ” አለች ወኪሏ እየሳቀች። “ወደ ታች አውርጂኝ ስባል የመጀመሪያዬ ነው።” መርፌም አብራት ሳቀች። ያለቀሰችው መንገድ ላይ ነው፣ ሰው ሁሉ እያያት።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ሻንጣዋን ተሸክሞ እስከ ወደቡ መጣ፤ ወደ መርከቡ መሸጋገሪያው ሳንቃ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ እምቢ አለ። “እኔ እዚህ ሆኜ ነው የምጸልየው” አለ።

የጋራው ካቢን ከፎቶውም ይጠብ ነበር። ከሷ በላይ ያለውን አልጋ የያዙት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። “ልጄ፣ አንኮራፋለሁ” ብለው ነው የተቀበሏት። “ሲብስብሽ ፍራሹን ከሥር በእግርሽ ነቅነቅ አድርጊልኝ።” መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሐሙስ ወዲህ ከልቧ ሳቀች። ፍራሹን በጣቶቿ ደባበሰችው፤ ስፌቱ ጠንካራ ነው። የሷ አልጋ ናት። ማንም ውረጂ የማይላት፣ ማንም ውጪ የማይላት አልጋ።

አባቷን ልትሰናበት ስትወጣ ነጩ የእናቱ መኪና ወደቡ ላይ ቆሟል። ሐኪሙ ሻንጣውን ራሱ ተሸክሞ ወረደ። እናቱም ወረዱ። መሸጋገሪያው ጋ ደርሰው ቆሙ፤ ወይ አይመለሱ፣ ወይ አይወጡ። የናፍጣው ሽታ እዚያ ድረስ ይመጣል። ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር፤ መሀረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ቀና ብለው አይዋት። ሰላም አላሏትም። ይቅርታም አላሉም።

“ራስሽን ወደ ሞተሩ አድርገሽ እንዳትተኚ” አሉ። “እግርሽን አድርጊ። ያ ነው ትንሽ የሚያስተኛው።”

ከዚያ ዞረው ወደ መኪናቸው ሄዱ። መርፌ “እሺ፣ እትዬ” ስትል ድምፃቸው በመሸጋገሪያው ላይ ቀርቶ አሁንም የሚያናግራት መሰላት። ለእሳቸው እሺ ብላ ቅር ሳይላት ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ሐኪሙ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ዓይኖቹ እንቅልፍ ያጡ ናቸው።

“ታች ነኝ” አለ። “የወንዶቹ ካቢን፣ ሦስት መካኒኮች መሀል። አንቺን ለማባበል እንዳይመስልሽ። እማዬን ‘እኔም አንድ ነገር ራሴ ልምረጥ’ አልኳት። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ግን አልተመለስኩም።” ሻንጣውን አስቀመጠ። “ስለ ወንበሩ ደግሞ… ስፊ። እስከ ዕድሜሽ ስፊ። ይሄን ያን ዕለት ደረጃው ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ።”

መርፌ አላቀፈችውም። ልቧ ግን ከኩርፊያዋ ቀድሞ ሄዶ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መርከቡ ከባሕር ውስጥ አለቶች ጎን ቆመ። ጠላቂዎቹ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ አግዳሚው ላይ ተደረደሩ። ማንም ሳይመድባቸው እነሱ አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ። መርፌ ሲሊንደሯን አዘለች። መክፈቻው ከማጅራቷ ኋላ ነው፤ ሰው የገዛ መክፈቻውን አያይም፣ ጓደኛው ነው የሚያይለት። ሐኪሙ ከኋላዋ መጣ። ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር።

“ልንካው?” አለ።

መርፌ ፀጉሯን ከመክፈቻው ላይ ሰበሰበችለት።

“እየነገርከኝ” አለች።

“እጄን አሳርፌያለሁ። ወደ ግራ አዞራለሁ። እያዞርኩ ነው… እስከ መጨረሻው ክፍት ነው። አሁን ተንፍሺ።”

መተንፈሻውን ጎርሳ፣ የአየር መለኪያዋን እያየች ሳበች። ጠቋሚው ንቅንቅ አላለም፤ መክፈቻው በደንብ ተከፍቷል ማለት ነው። አየሩ ንጹሕ ነበር፤ አልረከሰም። ደረቷ እስኪሞላ ሳበችው፤ ከዚያ መተንፈሻውን አወጣችና “ያንተን እንዳይ ዙርልኝ” አለች።

ዞረላት። ሰፊ ጀርባው፣ ማጅራቱ ላይ ያለችው ጠባሳ፣ ሁሉም አጠገቧ ናቸው። እጇ በልማድ ወደ መክፈቻው ሄዶ ነበር፤ አየር ላይ አቆመችው። የመርከቡን አልጋ ስትመርጥ ያልጠየቀችው ትዝ አላት።

“ልንካው?” አለች እሷም።

የሸሚዙን ቀለም፣ የሥራውን ዓይነት፣ የሚኖርበትን ፎቅ፣ ሁሉንም ሌላ ሰው ነው የነካካለት። ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሮ ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። መርፌ እጇን አየር ላይ እንዳንሳፈፈች ጠበቀችው።

“ንኪው” አለ፣ ድምፁ እየተሰበረ።